የቀኙ ዘንግ

በአሰብ በሠራሁባቸው ዓመታት ወደ አዲስ አበባ የላክኋቸውን ዘገባዎች ከጋዜጣው እየቆረጥኩ የማስቀምጥበት የካርቶን ማህደር አሁንም አለኝ። አብዛኞቹ ስለ መርከብ ናቸው፤ የትኛዋ ስንት ቀን መልሕቅ ጥላ እንደቆመች፣ ምን እንደጫነች፣ ማዳበሪያው ለምን እንደዘገየ። እነዚያን ደግሜ አላነብም። ደግሜ የማነበው አንዱን ብቻ ነው፤ ስለ ሁለት መኪኖች የጻፍኩትን። ሐሰት የለበትም። ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ ነው የጻፍኩት። ሰው የሞተው ከውስጡ ቆርጬ ባወጣኋቸው ጥቂት መስመሮች ምክንያት ነው።

ዘመኑ ኤርትራ ነጻ አገር ከሆነች በኋላ፣ ድንበሩም ሳይዘጋ በፊት ነው። ከተማዋ የሌላ አገር ሆናለች፤ ወደቡ ላይ የሚራገፈው ዕቃ ግን እንደ ድሮው በአብዛኛው የኢትዮጵያ ነበር። እኔም እዚያ የነበርኩት ለዚህ ነው። ጠዋት ጠዋት ከተከራየሁበት ቤት ወደ ወደቡ የሚወስደኝ አንድ ባለታክሲ ነበር። አርባ ዓመት አካባቢ የሚሆነው፣ ወፍራም፣ ወሬ የሚወድ፣ ሰላምታውን በዐረብኛ ጀምሮ በአማርኛ ተረብ የሚጨርስ ሰው። ሚስቱ ከወሎ ተመድባ የመጣች መምህርት ናት። ታክሲው በፊት ጎማ የምትጎተት፣ ከትንሿ ከፍ፣ ከትልቋ ዝቅ ያለች የቤት መኪና ነበረች። አሰብ ውስጥ እንደሷ ያለች ሁለተኛ አልነበረችም። ኩራቱም ችግሩም ይኸው ነበር፤ አንድ ነገር ሲሰበር መለዋወጫ አይገኝም።

ችግሩን የሚያስታግሱለት አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነበሩ። ጋራዣቸው ከወደቡ በር ወደ ከተማ በሚያስገባው መንገድ ዳር፣ በሦስት ጎን ብቻ ግድግዳ ያለው የቆርቆሮ መጠለያ ነው። የከባድ መኪና ሾፌሮች “ካፖ” ይሏቸዋል፤ ከጣሊያን ጊዜ የቀረ፣ አለቃ ለማለት የሚጠሩበት ቃል ነው። በልጅነታቸው በጭነት መኪና ላይ ተሳፍረው ከደሴ ወርደው፣ አንድ ጣሊያን ጋራዥ ገብተው ሙያውን እንደተማሩ ይናገራሉ። ሌላው መካኒክ ጆሮው ላይ እርሳስ ሲሰካ እሳቸው ምስማር ይሰካሉ። ማንበብና መጻፍ ስለማያውቁ ልክ የሚይዙት በምስማር ነበር። አንድ ረጅም ጣውላ አላቸው። የሚለኩትን ብረት ጣውላው ላይ ያጋድሙና ጫፍና ጫፉ ላይ ምስማር ይመታሉ። ሌላ ብረት ሲመጣ በሁለቱ ምስማሮች መካከል ያስተኙታል። ሁለቱንም ከነካ ልክ ነው፤ ካልነካ አይደለም። በሐምሌ መፍቻዎቻቸውን የሚያስቀምጡት ውሃ በሞላ ባልዲ ውስጥ ነው፤ አለዚያ ብረቱ እጅ ይጠብሳል።

አንድ ቀን ከመርከብ ሲወርድ የነበረ አዲስ መኪና ከማንሻው አምልጦ ኮንክሪቱ ላይ ወደቀ። ጣሪያውና ኋላው ተጨፈለቀ። በጨረታ ሲሸጥ ካፖ ገዙት። ስሙ ከታክሲዋ ስም ሌላ ነው፤ መብራቱም፣ ፊቱም፣ የሠራው ኩባንያም ሌላ። ካፖ ግን ከሥሩ ገብተው ተኝተው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ባለታክሲውን አስጠሩት። እኔም ታክሲው ውስጥ ስለነበርኩ አብሬ ሄድኩ።

“መኪናህን ከዚህኛው ጎን አቁማት” አሉት።

“ካፖ፣ ከሬሳ ጎን አቁማት ይሉኛል? ትደነግጥብኛለች እኮ።”

“አቁማት አልኩህ፣ አንተ ለፍላፊ።”

በክሪክ አነሷትና ካርቶን አንጥፈው ሁለታችንንም ከሥር አስገቡን። አንገቴን ከአንዷ ወደ ሌላዋ እያዞርኩ አየሁ። ወለሉ የታጠፈበት ቦታ፣ ቀዳዳው፣ ቡሎኑ የገባበት ጎን፣ ሞተሩን የተሸከመው ብረት፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። አንደኛው በጨውና በአቧራ ጠቁሯል፤ ሌላው ገና የፋብሪካ ቀለም ይሸታል። ልዩነታቸው ይኸው ብቻ ይመስል ነበር።

“እህትማማች ናቸው” አሉ ካፖ ከላያችን ቆመው። “ፊታቸውን ለየብቻ ተኳኩለው ለየብቻ ስም አወጡ እንጂ ሆዳቸው አንድ ነው።”

“ለካስ ዋርሳዬ ወደብ ላይ ወድቃ ቀርታለች!” አለ ባለታክሲው ከጎኔ እንደተኛ። “ይህን ያህል ዓመት ስንኖር እህት አለኝ ብላኝ አታውቅም።”

ዓይኔ ያየውን ብቻ ማመን ልማዴ አይደለም። በማግስቱ አዲስ አበባ ወዳለ አንድ የመኪና ቴክኒሻን ስልክ ደወልኩ። ነገሩ እውነት መሆኑን አረጋገጠልኝ። ፋብሪካዎች አዲስ መኪና መሥራት ሲወደድባቸው ተስማምተው አንድ ወለል ያወጣሉ፤ ሞተሩ በየት እንደሚቀመጥ፣ የፊት ጎማው በምን እንደሚዞር አብረው ይወስናሉ፤ ከዚያ እያንዳንዱ የራሱን አካል ከላይ ይጭንበታል። ለእኛ ዋናው ነገር ሁለተኛይቱ መኪና አዲስ አበባ ውስጥ በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ መኖሯ ነበር። መለዋወጫዋ ሞልቷል ማለት ነው።

ካፖ ግን ወለሉ አንድ ነው ብለው አልቆሙም። አንድ ሳምንት ሙሉ ከወደቀው መኪና እየፈቱ ከታክሲዋ ጋር አስተያዩ። ኩሽኔታውን፣ የፍሬኑን ሸራ፣ የመሪውን ክንድ፣ ጎማ የሚያዞረውን ዘንግ አንድ በአንድ ጣውላው ላይ አጋደሙ። ልክ ሆኖ ያገኙትን ዕቃ ለይተው ሰማያዊ ቀለም ያስነኩታል። ቀለሙ ጀልባ ሠሪዎች ለሳምቡካቸው የሚቀቡት ወፍራም ዘይት ቀለም ነው፤ ከደረቀ በቢላ እንኳ አይለቅም። እኔ በየቀኑ ከወደቡ ስመለስ ጎራ እያልኩ የደረሱበትን በማስታወሻ ደብተሬ እጽፍ ነበር።

በመጨረሻው ቀን ሁለቱን የፊት ዘንጎች አነጻጸሩ። የታክሲዋ ልክ አስቀድሞ ጣውላው ላይ በምስማር ተይዟል፤ ባለታክሲው ግን አልነበረም፤ መንገደኛ ይዞ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሄዶ ነበር። የወደቀው መኪና የግራ ዘንግ ከምስማር ምስማር ነካ። ካፖ ሰማያዊ ቀቡት። የቀኙን ሲያስተኙት ግን አንደኛው ጫፍ ከምስማሩ አንድ ጣት ተኩል ያህል ቀረ። ደግመው አስተኙት። አሁንም ያው ነው። ሄደው የወደቀውን መኪና ካምቢዮ ተመለከቱ፤ ማርሹን ራሱ የሚቀይር አውቶማቲክ ነበር። የታክሲዋ በእጅ የሚቀየር ነው።

“ጻፍ” አሉኝ። “የግራው ዘንግ ይገጥማል። የቀኙ ግን ካምቢዮው ሳይታይ አይነካም። አጭሩ ሲያስገቡት ገብቶ የያዘ ይመስላል፤ የሚይዘው ግን በጥርሱ ጫፍ ብቻ ነው። ጉድጓድ ሲመታ ይወጣል።”

እንዳሉት ጻፍኩ። ለአጭሩ ቀኝ ዘንግ የሚሆን ሌላ ምስማር ጣውላው ላይ መቱና አጭሩን ዘንግ ሳይቀቡት ጥግ ላይ ወረወሩት።

ጽሑፉን በስልክ ሳነብለት አርታዒው አሥራ ሁለት መስመር ትርፍ አለው አለኝ፤ የሚወጣውን እኔው እንድመርጥ ተወልኝ። መረጥኩ። ጆሯቸው ላይ የሚሰኩት ምስማር ይቆይ አልኩ፤ ባልዲ ውስጥ የሚዘፈቁት መፍቻዎች ይቆዩ፤ “ፊታቸውን ተኳኩለው” ያሉት ይቆይ፤ ሰማያዊው ቀለምም ይቆይ። አንባቢ የሚወደው እንዲህ ያለውን ነው አልኩ። የቀኙና የግራው ነገር መካኒክ ላልሆነ ሰው ይሰለቻል ብዬ አወጣሁት። በታተመው ላይ ያለው “የፊት ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ ሳይቀር ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይገባል” የሚለው ነው። የግራው ይገባል። ስለዚህ ሐሰት የለበትም።

ጋዜጣው በአውሮፕላን መጣ። ጋራዡ ሄጄ ለካፖ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩላቸው። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ አዳመጡ።

“የቀኙስ?” አሉኝ ስጨርስ።

“ቦታ አልበቃም፣ ካፖ።”

“ባልዲዬ የሚሆንበት ቦታ በቃ፤ የቀኙ የሚሆንበት ቦታ አልበቃም?”

ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ጨርቁን ትከሻቸው ላይ ጥለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሱብኝም፤ እኔም አላነሳሁትም። ባለታክሲው ደግሞ በዚያው ቀን ጽሑፉን ቆርጦ ከመሪው ጎን ለጠፈው። ተሳፋሪ ሲገባ “ያቺ የተጻፈላት መኪና ይህቺው ናት፤ እግርህን ጠርገህ ግባ” ይለዋል።

የአሰብ ሙቀት ሲከፋ የሚችል ሁሉ ወደ ደጋ ይሸሻል። ካፖ በየዓመቱ በዚያ ወቅት ጋራዣቸውን ዘግተው፣ ደሴ ያሉ ዘመዶቻቸውን ሊጠይቁ ከሾፌሮቹ ጋር ይወጣሉ። በዚያም ዓመት ወጡ። በሄዱ በሳምንቱ የታክሲዋ የቀኝ ዘንግ ተሰበረ።

ባለታክሲው ሦስት ቀን ሥራ ፈትቶ ዋለ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ከቤቴ በር ላይ ጥሩንባ ሰማሁ። ስወጣ እሱ ነው።

“የፊት እግሯ ዳነ!” አለኝ። “የጭነት ሾፌሮች ከአዲስ አበባ ዘንግ አመጡልኝ። ካፖ እስኪመለሱ ማን ይጠብቃል? ባንተ ጋዜጣ እየተመራሁ ራሴ ገጠምኩት።”

“እንኳን ደስ ያለህ።”

“ሰማያዊ ምልክት ሳይቀር አለው። አዲስ አበባም ካፖ አለ ማለት ነው።”

እኔ ያን ጠዋት በሥራዬ የምፈልገው የመርከቦች ዝርዝር እጄ ላይ ነበረ፤ እያነበብኩ ነው የተሳፈርኩት። ጥያቄ መጠየቅ የምተዳደርበት ሥራ ነው። የትኛው ጎን ነው የተሰበረው ብዬ ብጠይቀው መልሱ አንድ ቃል ነበር። አልጠየቅሁትም። ወደቡ በር ላይ ስወርድ “ደግሞ ስለ እኔም ጻፍ እንጂ! ሁልጊዜ ስለ ባልዲ ነው?” አለኝና ሄደ።

የሞተው በማግስቱ ከሰዓት ነው። መንገደኛ አውሮፕላን ማረፊያው አድርሶ ብቻውን ይመለስ ነበር። ያዩት ሰዎች እንደነገሩኝ ጉድጓድ መትቶ ብረት ሲጮህ ተሰማ። የመኪናው ፍጥነት አልቀነሰም። ዳር ቆሞ ከነበረ ጭነት መኪና ኋላ ገባ። ቦታው ላይ ደርሼ ከሥር አየሁ። የቀኙ ዘንግ ከካምቢዮው ወጥቶ ተንጠልጥሏል፤ ሲወናጨፍ የፍሬኑን ዘይት ቱቦ በጥሶታል። ሲወስዱት ሕይወቱ ነበረች ይላሉ። ሆስፒታል ግን አልደረሰችም። ጽሑፉ ከመሪው ጎን እንደተለጠፈ ነበር።

የተጋጨችውን መኪና የመረመረው መኮንን ዘንጉን አስፈታው። ጫፉ ላይ ሰማያዊ ቀለም አለ። ሚስቱ መምህርቷ ከመኪናው የተላቀቀውን ጽሑፍ ይዛ ጣቢያ ሄደች፤ እዚያ ላይ ሰማያዊ የሚቀባው ማን እንደሆነ ተጽፏል። ካፖ ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን ከጭነት መኪና ሲወርዱ፣ ሻንጣቸውን ጋራዥ ሳያስገቡ ያዟቸው። ሰው የሚገድል ዕቃ ሸጠዋል ተብለው ሊከሰሱ እንደሆነ ነገሩኝ። በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ጋራዡም ስማቸውም ሊጠፋ ነው።

የማስታወሻ ደብተሩ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። እሱን አውጥቼ ጣቢያ እስክደርስ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። መንገዱ በእግር ሩብ ሰዓት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን እጽፍበት ነበር፤ ስለዚህ በራሴም ላይ እጽፈዋለሁ።

ስደርስ ዘንጉ ጠረጴዛ ላይ ነበር። መኮንኑ ካፖን እያናገራቸው ነው፤ መምህርቷ ጥቁር ለብሳ ግድግዳው ሥር ተቀምጣለች።

“አባት፣ ይህ ቀለም የእርስዎ ነው ወይስ አይደለም?” ይላቸዋል መኮንኑ፤ አማርኛው ጥሩ ነበር።

“አንድ ሰው ይላኩና ጣውላዬን ያስመጡልኝ” አሉ ካፖ።

ጣውላው መጣ። ካፖ ዘንጉን በሁለት እጃቸው አንስተው አስተኙት። አንደኛው ጫፍ ምስማሩን ነካ፤ ሌላው አንድ ጣት ተኩል ጎደለ፤ ለአጭሩ ዘንግ ከመቱት ምስማር ጋር ግን ገጠመ። ከዚያ በጥፍራቸው ሰማያዊውን ቀለም ፋቁት። የግድግዳ ቀለም ነበር፤ እንደ ዱቄት ረገፈ።

“የእኔ ቀለም በጥፍር አይለቅም” አሉ። “ይህን ሌላ ሰው ነው የቀባው። ሰማያዊ ያለበት ይሸጣል ብሎ።”

“ሟቹ ታዲያ ይህ ይገጥማል ብሎ እንዴት አመነ?” አለ መኮንኑ።

ካፖ ጥፍራቸው ላይ የቀረውን ቀለም ጠረጉ። ዓይናቸውን ወደ እኔ አላዞሩም። እዚያ ክፍል ውስጥ መልሱን የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነበርን፤ እሳቸው ሊናገሩት አልፈለጉም።

ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ከፈትኩት። የተናገሩትን፣ የጻፍኩትን፣ ያወጣሁትን፣ ለምን እንዳወጣሁት ተናገርኩ። መኮንኑ ደብተሩንና የታተመውን ጎን ለጎን አድርጎ አነበበ። በሕግ የሚያስጠይቀኝ ነገር እንደሌለ ነገረኝ፤ ይህንንም መዘገበ። ካፖ እዚያው ተለቀቁ።

መምህርቷ ተነስታ መጣችና ጣቷን በታተመው ላይ አሳረፈች።

“የቀኙ አይሆንም የሚለው የት ጋ ነበር?” አለችኝ።

“ከዚህ በኋላ” አልኳትና ቦታውን አሳየኋት።

“እዚህ ጋ?”

“አዎ።”

“እሱ ለሰው ሲያነብ እዚህ ጋ ሲደርስ ነው ድምፁን ከፍ የሚያደርገው” አለች።

ማረሚያ ልኬ ነበር። ጋዜጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ በሦስት መስመር አወጣው፤ ሰው ከማያየው ጥግ። ያን እትም አሰብ ላይ ያነበበ ሰው አላገኘሁም። በሰማያዊ የተቀቡ ዘንጎች ግን በጭነት መኪና መምጣታቸውን አላቆሙም። ካፖ ከእነዚህ ሁለት ይዘው የዘንጎቹን ጥርስ በመዶሻ አበላሹ። ከዚያ አስጠሩኝ።

ጋራዡ ስደርስ የኋላውን ግድግዳ በኖራ ቀብተው ጠበቁኝ። የጀልባ ቀለሙን ቆርቆሮና ብሩሽ ሰጡኝ።

“ያን ቀን ጻፍ ያልኩህን ጻፍ” አሉኝ። “እዚህ ቦታ አለ።”

ፊደሎቹን ክንድ ክንድ የሚያህሉ አድርጌ ጻፍኩ። ላቤ ቀለሙ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ስጨርስ ካፖ ወደኋላ ራቅ ብለው ግድግዳውን እንደ ሞተር መረመሩት።

“ላንብብልዎት?” አልኳቸው።

“አይ” አሉ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። “መምህርቷን ጥራልኝ።”

ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄጄ ጠራኋት። ጣቶቿ ላይ ጠመኔ እንዳለ መጣች። ካፖ ከመቀመጫቸው ተነሱላትና ግድግዳውን አሳዩአት።

“አንብቢልኝ፣ ልጄ። ምንም ሳታስቀሪ።”

ቆማ ለተማሪ እንደሚነበብ አነበበችላቸው። “የግራው ዘንግ ይገጥማል። የቀኙ ግን ካምቢዮው ሳይታይ አይነካም። አጭሩ ሲያስገቡት ገብቶ የያዘ ይመስላል፤ የሚይዘው ግን በጥርሱ ጫፍ ብቻ ነው። ጉድጓድ ሲመታ ይወጣል።”

“የቀኙ አለበት?”

“አለበት።”

“የቀረ የለም?”

“የቀረ የለም፣ አባባ።”

ካፖ ከጆሯቸው ላይ ምስማራቸውን አውጥተው ወደ ሥራቸው ገቡ። እሷ ግን አልሄደችም። እዚያው ቆማ ግድግዳውን እንደገና ታነብ ጀመር፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አይወጣውም።